ላጥ

ጎንደር ፒያሳ አራት አምስት ሆናችሁ ማኪያቶ ስትጠጡ፣ ልክ ሂሳብ ሲጠራ ስልክ የሚደወልለት ጓደኛ አይጠፋም። «መጣሁ» ብሎ ይወጣል፤ አይመጣም። ይህን ሰውዬ «ሄደ» ብትሉት አነሰ፣ «ሸሸ» ብትሉት በዛ። «ላጥ አለ» ነው የሚባለው።

ቃሉ የጎንደር ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም ደሴም ይሰማል። ምንጩን በዓይኑ ማየት የፈለገ ግን ወደ ዳባትና ደባርቅ ወጣ ብሎ ባሕር ዛፍ የሚላጥበት ቦታ ይቁም። እንጨቱ በተቆረጠ ዕለት ወፍራሙ ጫፍ ላይ ቅርፊቱን በመጥረቢያ ትንሽ ያላቅቁና በእጅ ይዘው ይጎትቱታል። ቅርፊቱ እስከ ቀጭኑ ጫፍ ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ ይመጣል፤ ከስሩ የሚቀረው እንጨት ነጭ፣ እርጥብ፣ ለእጅ አልያዝ ያለ ነው። ካደረ ከሰነበተ ግን ቅርፊቱ ይጣበቃል፤ እየፋቁ መዋል ነው። ያ ተላጦ የወጣው ገመድ መሰል ነገር ልጥ ይባላል፤ አጥር ይታሰርበታል። ላጥ ያለው ጓደኛችንም እንዲሁ ነው፦ ሳይታገል፣ ሳይቀደድ፣ በአንድ ስበት ከመሃላችን ተላቀቀ።

(«ለጥ»ን ከዚህ ጋር እንዳታምታቱት። ለጥ ያለው ተኝቷል፤ ላጥ ያለው የለም።)

ብዙ ሰው «ላጥ»ን የአራዳ ልጆች ፈጠራ አድርጎ ይንቀዋል። እኔ አልስማማም። ጨዋ የሚባለውን «አመለጠ»ን እዩት። ሥሩ መለጠ ነው። ቆዳው ተመለጠ፣ ራሱ መላጣ ሆነ እንላለን፤ ከዚያው ቤት ነው አመለጠ የወጣው። ማምለጥም በአማርኛ ከጥንቱ ከቅርፊት መውጣት ሳይሆን አይቀርም። የመንገዱ ልጅ ያደረገው ነገር ቢኖር የአያቱን ሐሳብ ማሳጠር ነው።

ነገሩ ከአማርኛም ይሰፋል። በዕብራይስጥ ያመለጠ ሰው «ኒምላት» ይባላል፤ መጨረሻዋ ፊደል ጤት ናት፣ የእኛው ጠ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 ነፍሱን እንዲያድን የታዘዘው ሰው የሚሰማው ትእዛዝ ከዚሁ ሥር ነው። የሰውዬው ስም ደግሞ ሎጥ! በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ ከሱዳን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ከዚሁ ከጎንደር አካባቢ በእግራቸው ድንበር ያቋረጡ ነበሩ። በአዲሱ አገር የማምለጥን ቃል ሲማሩ ግማሹን ከቤታቸው ይዘውት ሄደዋል።

ሹልክ፣ ውልቅ፣ ብን የሚሉትም ወንድሞቹ ናቸው። ሹልክ ያለው በቀዳዳ ነው፣ ውልቅ ያለው እንደ ጫማ፣ ብን ያለው እንደ አቧራ። ማንኛቸውም ግን ለትልቅ ነገር አይሆኑም። ካሳ ኃይሉ ከጎንደር ጌቶች ተጣልቶ ወደ ቋራ ቆላ ሲወርድ «ሸፈተ» ነው የተባለው፤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ለጫነ ሰው «ላጥ አለ» ማለት ነውር ነው። ሸፈተ ውስጥ ጠብ አለ፣ ጠመንጃ አለ፣ መመለስም አለ። ከቤት የጠፋ ልጅ ደግሞ ኮበለለ፤ ከጦር ሜዳ የሮጠ ፈረጠጠ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪ ግቢ ተማሪ ክፍል ካልገባ ፎረፈ፣ ያውም ከኳሱ ፎርፌ የተወሰደ። ላጥ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ሰው የሚጎዳው ቢበዛ በአንድ ማኪያቶ ነው።

በራስ ላይ ሲነገር ትሕትና ሁሉ አለበት፦ «እኔ ላጥ ልበል» ያለ ሰው ፈቃድ እየጠየቀ ነው። በሌላው ላይ ሲነገር ክስ ነው። በአንቱታ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ። «ቄሱ ከተስካሩ ላጥ አሉ» ማለት ይቻላል፤ ቄሱ እስካልሰሙ ድረስ።