ሽሮ፣ እንክብልና ጨረር፦ ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር

ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። በዚህችው ከተማና በአምባሰል ገጠሮች የሚበላው የጤፍና የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮና ንፍሮ ብዙ ጊዜ የድሃ ምግብ ተብሎ ይናቃል። ይህ ማዕድ ከትልቁ አንጀት ካንሰር ጋር ምን እንደሚያገናኘው በዚህ አጭር ጽሑፍ እንመለከታለን።

እህልና ጥራጥሬ ትንሹ አንጀት ሊፈጨው የማይችል አሰር፣ ማለትም ፋይበር፣ አላቸው። አሰሩ ትልቁ አንጀት ሲደርስ በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ቡቲሬት የተባለ ውሕድ ያስገኛሉ፤ ይህም የአንጀቱ ግድግዳ ሕዋሳት ዋነኛ የኃይል ምንጭ ሲሆን ብግነትንም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። በቀን 55 ግራም ያህል አሰር ያገኙት አሜሪካውያን የቡቲሬት መጠናቸው ከእጥፍ በላይ ሲያድግ፣ ሥጋና ስብ የበዛበትን ምግብ የተመገቡት አፍሪካውያን ግን ወደ ግማሽ ወረደባቸው። በሁለት ሳምንት ካንሰርን መለካት አይቻልም፤ የአንጀት ውስጣዊ ሁኔታ እንዴት ፈጥኖ እንደሚለወጥ ግን በግልጽ ታይቷል። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንደ ቋሊማ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ከካንሰር አምጪዎች መድቦታል።

ቫይታሚን በእንክብል ቢወሰድስ? እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው፣ ከ25,000 በላይ አሜሪካውያን በተሳተፉበት ሙከራ፣ በየቀኑ ቫይታሚን ዲ መውሰድ በካንሰር የሚያዙትን ሰዎች ቁጥር አልቀነሰም። በእኛ ግምት ለእንክብል የሚወጣው ገንዘብ ባቄላና ምስር ቢገዛ ይሻላል።

ምግብ አደጋን ይቀንሳል፤ የተነሣን ካንሰር ግን አያድንም። ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው፤ እንደ ደረጃው ኬሞቴራፒ ይታከላል። በአንጀቱ የመጨረሻ ክፍል ለሚነሣው ካንሰር ደግሞ ጨረር ይሰጣል፤ የተለመደው መጠን በ5 ሳምንት ተከፋፍሎ የሚሰጥ 50 ግሬይ ያህል ነው። «ጨረር ያቃጥላል» ለሚሉ አንባቢያን አንድ ስሌት እናቅርብ። 1 ግሬይ ማለት በ1 ኪሎ ግራም ላይ የሚያርፍ 1 ጁል ነው፤ 50 ግሬይ በሙሉ በአንድ ጊዜ ቢሰጥ እንኳ ውሃን የሚያሞቀው በ0.012 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ነው። የካንሰሩን ሕዋስ የሚገድለው የዲኤንኤው መሰበር ነው። መጠኑ የሚከፋፈለውም ጤናማው ሕዋስ በየመካከሉ ራሱን እንዲጠግን ነው።

በሀገራችን ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነበረው ነው። ይሠራበት የነበረው ኮባልት 60 በየ5.27 ዓመቱ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ምንጩ ባረጀ ቁጥር ያንኑ መጠን ለመስጠት የሚፈጀው ጊዜ ይረዝም ነበር። ከሐይቅ የተነሣ ሕመምተኛ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለሳምንታት በከተማው መቆየት ነበረበት።

ስለዚህ በሰገራው ደም ያየ፣ የሰገራ ልማዱ ለሳምንታት የተለወጠበት ወይም ያለምክንያት የከሳ ሰው «ኪንታሮት ነው» ብሎ በባህል መድኃኒት ወራት ሳያሳልፍ ይመርመር። አብዛኛው የትልቁ አንጀት ካንሰር ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እባጭ ተነሥቶ በዓመታት የሚያድግ ነው፤ ፖሊፑም በኮሎኖስኮፒ ምርመራ ጊዜ ከተገኘ ካንሰር ሳይሆን ወዲያው ተቆርጦ ይወጣል።