ዌዋ ዘዙኒና የላማና ልማድ

በሰሜን አሜሪካ፥ ዛሬ ኒው ሜክሲኮ በሚባለው ደረቅ ደጋ፥ ዙኒ የሚባል ሕዝብ ይኖራል። ዙኒዎች ከጥንት ጀምሮ በቆሎ አራሾች ናቸው፤ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠሩ፥ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ቤቶች ባሉበት በአንድ ትልቅ መንደር ተሰብስበው ኖረዋል። የዘር ሐረግ የሚቈጠረው በእናት ወገን ነው፤ ቤቱም የሴቶች ሀብት ስለሆነ፥ ወንድ ሲያገባ ወደ ሚስቱ ቤት ይገባል እንጂ ሚስቱን ወደ አባቱ ቤት አያመጣም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እንዲህ ባለ ሕዝብ ዘንድ የሴትን ሥራ መያዝ ከማዕርግ እንደ መውረድ አይቈጠርም ነበር።

በዙኒዎች ቋንቋ «ላማና» የሚባለው፥ ወንድ ሆኖ ተወልዶ ሳለ ገና በልጅነቱ ወደ ሴቶች ሥራ ያዘነበለ፥ ለአካለ መጠን ሲቃረብም የሴት ልብስ የለበሰ ሰው ነው። ዘመዶቹ የልጁን ዝንባሌ አይተው ይቀበሉታል፤ ከዚያም በኋላ መፍጨትን፥ ማብሰልን፥ ሸክላ መሥራትን ከቤቱ ሴቶች ይማራል። ከወንድ ጋር ትዳር መሥርተው የኖሩ ላማናዎች እንደ ነበሩ ተጽፏል። ይሁን እንጂ ይህን ስም «የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር» በሚለው በዛሬው አነጋገር ብቻ መተርጐም ነገሩን ያጐድለዋል። በዙኒዎች ዓይን ላማናን ላማና የሚያደርገው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራና በሃይማኖታዊው ሥርዓት ውስጥ የያዘው ስፍራ ነበርና። ካቺና ከሚባሉት የአማልክት ምስሎች አንዱ ኮላማና ይባላል፤ በአፈ ታሪኩ እንደሚነገረው ይህ አምላክ በጦርነት ተማርኮ የሴት ልብስ እንዲለብስ ተደርጓል። በበዓሉ ላይ ሲታይ ፀጉሩ በከፊል በሴት፥ በከፊል በወንድ ልማድ የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሰዋስው ጥያቄ ይነሣል። የዙኒ ቋንቋ «እርሱ»ንና «እርሷ»ን አይለይም፤ ስለዚህ ዙኒዎች ስለ ላማና ሲነጋገሩ አንደበታቸው በምንም አይሰናከልም። የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። በአማርኛማ ጭንቁ የባሰ ነው፤ «መጣ» ወይም «መጣች» ሳይሉ አንድ ግሥ እንኳ መጨረስ አይቻልም። ደግነቱ አንቱታ አለ፤ «መጡ» የሚለው የአክብሮት አነጋገር ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገርላቸው ሰው፥ እንደ ማንኛውም የተከበረ ሰው፥ በአንቱታ ይጠራሉ። (የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

ዌዋ የተወለዱት በ1849 ገደማ ነው። በ1853 ፈንጣጣ ገብቶ አባትና እናታቸውን ስለ ገደለ፥ ያሳደጓቸው የአባታቸው እኅት ናቸው። እንደ ሌሎቹ ወንዶች ልጆች ወደ ካቺና ማኅበር ገብተዋል፤ ይህም አባልነት የሴት ልብስ ከለበሱ በኋላ አልተሻረም። በሽመናና በሸክላ ሥራ የታወቁ ባለ እጅ ሆኑ። ኋላም ወይዘሮ ማቲልዳ ኮክስ ስቲቨንሰን በሳሙና ማጠብን ሲያሳዩዋቸው፥ ለነጮች ልብስ በማጠብ ገንዘብ ያገኙ ጀመር። ወይዘሮ ስቲቨንሰን እንደ ጻፉት፥ በመንደሩ ውስጥ በቁመት ዌዋን የሚያህል አልነበረም።

እኒህ ወይዘሮ ወደ ዙኒ የመጡት በ1879 ነው። የስሚዝሶኒያን ተቋም በዚያው ዓመት በተመሠረተው የኤትኖሎጂ መሥሪያ ቤት አማካይነት ወደ ደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የተመራማሪዎች ጓድ ሲልክ፥ ባለቤታቸው ጄምስ ስቲቨንሰንና ወጣቱ ፍራንክ ሃሚልተን ኩሺንግ አብረው ነበሩ። ከዌዋ ጋር የነበራቸው ወዳጅነት በ1886 እስከ ዋሽንግቶን አደረሰ። ዌዋ በዚያ በስቲቨንሰኖች ቤት ስድስት ወር ያህል ተቀመጡ፤ ለተመራማሪዎች ሽመናን አሳዩ፤ ለበጎ አድራጎት በተዘጋጀ ትርኢት ላይ በናሽናል ቲያትር መድረክ ወጡ፤ ከፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድም ጋር ተገናኝተው የእጃቸውን ሥራ ሰጡ። ጋዜጦቹ «የዙኒ ልዕልት» አሏቸው። ዙኒዎች ልዕልት የሚባል ማዕርግ አያውቁም፤ ዌዋም ሴት ሆነው አልተወለዱም። የዋሽንግቶን ከተማ ስለ እንግዳዋ በአንድ ቃል ሁለት ጊዜ ተሳስታለች ማለት ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ያው መንግሥት ሌላ ፊቱን አሳየ። በ1892 የዙኒን ሹም ለመያዝ ወታደሮች በመጡ ጊዜ፥ ዌዋ በር ላይ ቆመው ታገሏቸው፤ ስለዚህም በፎርት ዊንጌት አንድ ወር ያህል ታሰሩ።

ዌዋ በ1896 በታኅሣሥ ወር፥ ሻላኮ ለሚባለው ታላቅ በዓል በሚዘጋጅበት ሰሞን፥ በልብ ሕመም ዐረፉ። በሚሞቱበት ጊዜ ወይዘሮ ስቲቨንሰን በአጠገባቸው ነበሩ፤ በዋሽንግቶን ላሉት ወዳጆችም ስንብት እንዲያደርሱላቸው አደራ ተቀበሉ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው የቀብሩ ሥርዓት ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ነው። ሬሳው ታጥቦ የሴት ልብስ ለበሰ፤ ነገር ግን ከልብሱ ሥር ነጭ የጥጥ ሱሪ ተደረገ። የሴት ልብስ ከለበሱ ወዲህ የወንድ ልብስ ገላቸውን ሲነካ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በዙኒ መካነ መቃብር ሴቶች በሰሜን፥ ወንዶች በደቡብ ይቀበራሉ፤ የላማና ቦታም በደቡብ በኩል እንደ ሆነ ኤልሲ ክሉስ ፓርሰንስ በ1916 ባሳተሙት ጽሑፍ ገልጸዋል። ዙኒዎች ስለ ጓደኛቸው ገላ ምንም የተሰወረባቸው ነገር አልነበረም፤ ቀሚሱንም ሱሪውንም አንድ ላይ ማልበሳቸው ሁለቱንም እውነት አድርገው መያዛቸውን ያሳያል።

የተሰወረባት እንግዳዪቱ ነበረች። ወይዘሮ ስቲቨንሰን ለብዙ ዓመታት ዌዋን ሴት አድርገው ያምኑ እንደ ነበር በ1904 በታተመው ታላቅ የዙኒ መጽሐፋቸው ተናዝዘዋል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ወዳጃቸውን በሌላ ዓይን ማየት ስላልቻሉ በሴት ጾታ መጥራታቸውን እንደማይተዉ ጽፈዋል። ይህ ውሳኔ በጊዜው ለነበረ ተመራማሪ እንግዳ ነገር ነው፤ ሚዛኑም ከዕውቀት ይልቅ ወደ ፍቅር ያጋደለ ነው፤ ይሁን እንጂ ከብዙዎቹ የዘመኑ ጽሑፎች ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። ብዙዎቹ «በርዳሽ» የሚለውን ቃል ይጠቀሙ ነበርና። ቃሉ ከፋርስ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ወደ ኤውሮጳ የገባ የስድብ ስም ነው፤ የሰውየውን ሥራም ሆነ ሥርዓት አይናገርም።

ፓርሰንስ በጻፉበት ጊዜ በዙኒ የቀሩት ላማናዎች ሦስት ዐዋቂዎችና አንድ ልጅ ብቻ ነበሩ። ልማዱ እንዲሁ በራሱ አልመነመነም። በ1883 የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው ደንብ የነባሮቹን ሕዝቦች ጭፈራና ሃይማኖታዊ ሥርዓት ወንጀል አድርጎ ነበር፤ በአዳሪ ትምህርት ቤቶችም የልጆች ፀጉር ይቈረጥ፥ ልብሳቸውም በወንድና በሴት ይለይ ነበር። በሰሜን በክሮው ሕዝብ ዘንድ፥ በ1876 በሮዝበድ ጦርነት የተዋጉት ኦሽ ቲሽ በመንግሥት ሹም ትእዛዝ ፀጉራቸው ተቈርጦ የወንድ ልብስ እንዲለብሱ በተገደዱ ጊዜ፥ የክሮው አለቃ ፕሪቲ ኢግል ሹሙን ከአገራቸው እንዲወጣ አዘዙት። ይህን የመሰለ ድፍረት በየቦታው አልተገኘም።

የዙኒ ጎረቤቶች የሆኑት ናቫሆዎችም ለእንዲህ ያለው ሰው «ናድሌ» የሚል የራሳቸው ስም አላቸው። በመካከላቸው የገነኑት ሆስቲን ክላህ በ1893 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሽመና ያሳዩ፥ የፈውስ ሥርዓት ሊቅም የነበሩ ሰው ናቸው፤ በሞቱበት በ1937 እርሳቸው የረዱት ቤተ መዘክር በሳንታ ፌ ተከፈተ።

በ1990 በካናዳ በዊኒፔግ የተሰበሰቡ የነባር ሕዝቦች ተወላጆች «በርዳሽ» የሚለውን ጥለው «ባለ ሁለት መንፈስ» የሚለውን መጠሪያ ያዙ። መጠሪያው የብዙ ሕዝቦችን ስሞች አንድ ላይ ስለሚጠቀልል ዌዋን ለመግለጥ ላማና የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ይህን ስም ያወጡት የነገሩ ባለቤቶች ናቸው። የሕግ ጉዳይም ተከትሎ መጣ። በኦሪገን ያሉት ኮኪሎች በ2008 የአንድ ጾታ ጋብቻን በጐሣቸው ሕግ ፈቀዱ። የናቫሆ ምክር ቤት ግን በ2005 ከለከለ፤ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን አላጸድቅም ቢሉም ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ አጸናው። በዚያ ክርክር ደጋፊዎቹ የአባቶችን ልማድ ጠቀሱ፤ ተቃዋሚዎቹም ናድሌን አንሥተው ያንኑ የአባቶችን ልማድ ጠቀሱ።