ከእርከኑ በፊት ጉብታው ይታይ

በየዓመቱ በጥርና በየካቲት የደቡብ ወሎና የሰሜን ሸዋ አርሶ አደር ዶማና አካፋውን ይዞ ለተፋሰስ ልማት ሥራ ይወጣል። ድንጋይ ይፈነቀላል፣ እርከን ይካባል፣ በየቦረቦሩ ክትር ይሠራል። ሥራው ተገቢ ነው፤ የቦርከናን ደራሽ የሚያውቅ ሰው የእርከንን ጥቅም አይክድም። ይሁን እንጂ ድንጋዩ ከየት ይምጣ የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «በቅርብ ካለው ክምር» የሚል ነው። የቀበሌና የልማት ቡድን መሪዎች ሊያስቡበት የሚገባው ይኸው ክምር ነው።

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሐርቡ፣ በከሚሴና በሸዋ ሮቢት አድርጎ ወደ ደብረ ሲና የሚወጣ መንገደኛ፣ ጣርማ በር ላይ ዋናውን ጎዳና ትቶ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ቢያመራ መንዝ ይገባል። በዚህ ብርዳም ደጋ፣ በገብስ ማሳና በግጦሽ መሬት መካከል፣ ከአፈርና ከድንጋይ የተከመሩ ክብ ጉብታዎች ይገኛሉ። ላላስተዋለ ሰው ከማሳ ተለቅሞ የተጣለ ድንጋይ ይመስላሉ። በእርግጥ ግን መቃብሮች ናቸው።

ፍራንሷ ዣቪየር ፎቬልና በርትራን ፗሶኒዬ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በመንዝ መሻለ ማርያምና በሌሎችም የሰሜን ሸዋ ቦታዎች ቁፋሮ አካሂደው፣ የጥናታቸውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ አሳትመዋል። መቃብሮቹ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተሠሩ መሆናቸውን አረጋግጠዋል። ለዚህ ሕዝብ አኗኗር የሰጡት ስም «የሻይ ባህል» ነው። ስሙ ከሻይ ወንዝ የተወሰደ ስለሆነ ከምንጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም።

ከተቆፈሩት አንዱ፣ ዕድሜው ወደ 10ኛው መቶ ዓመት የሚደርሰው፣ በትልልቅ ድንጋይ የተሠራ ክፍልና ወደ ክፍሉ የሚያስገባ መተላለፊያ አለው። የተቀበረበትም አንድ ሰው አይደለም፤ ብዙ ሰዎች በጋራ አርፈውበታል። በመቃብሮቹ ውስጥ የሸክላ ዕቃና የብርጭቆ ዶቃ ተገኝቷል። ዶቃው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። እንግዲህ የዚያ ዘመን የደጋ ሰው ከቆላው፣ ቆላውም ከወደቡ ጋር ይገበያይ ነበር ማለት ነው።

ነገሩን ክብደት የሚሰጠው ሌላም ምክንያት አለ። በዚያን ዘመን የክርስቲያኑ መንግሥት ታሪክ በገድልና በዜና መዋዕል ተጽፏል። የይፋት ሱልጣኖችም ታሪክ በዐረብኛ ተመዝግቧል። በሁለቱ መካከል ይኖር የነበረው፣ ሙታኑን በጉብታ ሥር የሚያሳርፈው ሕዝብ ግን ከራሱ እጅ የወጣ አንድም ጽሑፍ አልተወልንም። መዝገቡ ጉብታው ብቻ ነው። አንዱ ጉብታ ለክትር ሲፈርስ ከዚያ መዝገብ አንድ ገጽ ተቀደደ ማለት ነው፤ ግልባጩም የትም አይገኝም።

እንዲህ ያለ መቃብር በመንዝ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በሐረርጌ ጨርጨር ተራሮች የሚገኙትን አዛይስና ሻምባር የተባሉ ፈረንሳውያን በ1910ዎቹ ዓ.ም. ጎብኝተዋቸዋል፤ ሮዤ ዡሶም ደግሞ በ1960ዎቹ ቆፍሮ አንዳንዶቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ሺህ ዓመት የተሠሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በሶዶ ጢያ የሚገኙት 36 ትክል ድንጋዮችም የቆሙት በመቃብር ላይ ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በራሳችን በኮምቦልቻ አጠገብ፣ ጌታ በተባለው ስፍራ፣ ከድንጋይ የተቀረጸ አንበሳ መኖሩን የአካባቢው ሰው ያውቃል። ደሴ ላይ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የተቋቋመው ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተዘረፈ ወዲህ ደግሞ፣ ገና በመሬት ውስጥ ያለው ቅርስ ዋጋ ከቀድሞው ይበልጥ ጨምሯል።

ወርቅ አለ እየተባለ ሌሊት የሚቆፈር ጉብታ አለ። ይህ ከንቱ ድካም ነው። በጥናቱ ጎልቶ የታየው ሸክላና ዶቃ ነው፤ ሁለቱም ገበያ ወጥተው ዳቦ አይገዙም። ለተመራማሪው ዋጋቸው ካሉበት ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። የግብርና ባለሙያ የአፈር ጉድጓድ ሲያስቆፍር ንብርብሩን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ አፈሩ ተገለባብጦ ቢቀርብለት ግን የሚናገረው የለውም። መቃብርም እንዲሁ ነው። ከአጥንቱ ጎን የነበረች አንዲት ቁራጭ ከሰል የቀብሩን ዘመን ታስቆጥራለች፤ ከተገለባበጠች በኋላ ተራ ከሰል ትሆናለች።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ለማግኘት መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም እንዲያሳውቅ ያዛል። ሆኖም አዋጁ በየኮረብታው ዘብ አያቆምም። ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ድንጋይ የሚያነሣ ወሎዬ የለም፤ ባለቤት የሌለው መቃብር ግን ጠባቂው የቀበሌው ሰው ነው።

የልማት ቡድኑ የእርከን መስመር ከመቀየሱ በፊት ሽማግሌዎችን ይዞ ተዳፋቱን ይዙር። የማሳ ልቃሚ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ በድንበር ላይ ይረዝማል፤ ድንጋዩም ለአንድ ሰው ሸክም የሚበቃ ነው። ጉብታው ግን ክብ ነው፤ አንዳንዴም ሦስትና አራት ሰው የማያነቃንቀው ድንጋይ ይታይበታል። አጠራጣሪው ሁሉ በተፋሰሱ ካርታ ላይ ምልክት ይደረግበት፣ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም ይነገር። እርከኑ ጥቂት ሜትር ዞሮ ቢያልፍ የሚጎድልበት የለም። የጎርፍ መቀልበሻው ቦይ ወደ ጉብታው እንዳያፈስስ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚዘነጉ ቀያሾች አሉ።

ማረሻ ገንቦ ወይም አጥንት ቢያወጣ እዚያው አፈር አልብሶ በሬውን ማዞር፣ ቦታውንም ማመልከት ነው። በጉብታው ላይ ባሕር ዛፍ አይተከል፤ ሥሩ ድንጋዩን ይፈነቅላል። ሣሩን በማጭድ ማጨድ ጉዳት የለውም።