ያውቁ ኖሯል? ደም የማይደርሰው ቁስል በፋሻ ብቻ አይድንም

በስኳር ሕመም ሰበብ ከሚቆረጡ 100 እግሮች 85 ያህሉ መጀመሪያ ላይ ተራ ቁስል ብቻ እንደነበረባቸው ያውቁ ኖሯል? ጫማ የላጠው ተረከዝ፣ ጥፍር ሲቆረጥ በምላጭ የተነካ ጣት፣ ሳይታይ የገባ እሾህ ነው ነገሩን የሚጀምረው። እግር በአንድ ሌሊት አይሄድም። በመካከል ለማዳን የሚበቃ ጊዜ አለ፤ የሚያሳዝነው ያ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ፋሻ በመቀያየር ብቻ ማለቁ ነው።

ስኳር እግርን የሚያጠቃው በሁለት በኩል ነው። በአንድ በኩል ነርቭን ያደነዝዛል፤ ሕመምተኛው ሚስማር ረግጦ ሳያውቅ ሊውል ይችላል። በሌላ በኩል ከልብ ወደ እግር ደም የሚያደርሱትን ሥሮች፣ በተለይም ከጉልበት በታች ያሉትን ቀጫጭኖች፣ ያጠብባል፤ ይደፍናልም። በአውሮፓ ሆስፒታሎች በተካሄደ ትልቅ ጥናት የስኳር ቁስል ይዘው ከመጡት ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ይህ የደም ዝውውር ችግር ተገኝቶባቸዋል።

«አያመኝም» ማለት ደህና ነኝ ማለት አይደለም። የእግር ደም ሥር የጠበበበት ሰው ሲራመድ ባቱን ይይዘዋል፣ ቆም ሲል ይለቀዋል። ሲብስበት ደግሞ ሌሊት እግሩን ከአልጋ ወደ ታች ካላንጠለጠለ እንቅልፍ አይወስደውም። ነርቩ የደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ ግን አንዱም ምልክት ሳይሰማው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያው የጠቆረ ጣት ሊሆን ይችላል።

የእግር የደም ግፊት እንደሚለካስ ያውቁ ኖሯል? የክንድ ግፊት መለኪያው ቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰራል፤ የደሙ ድምፅ ዶፕለር በተባለች ትንሽ መሣሪያ ይደመጣል። ከዚያ የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ለክንዱ ይካፈላል። ውጤቱ ከ0.9 በታች ከሆነ ሥሩ ጠቧል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። ስኳር ለረጅም ዓመታት የቆየበት ሰው የደም ሥሩ ግድግዳ ካልሲየም ተከማችቶበት ስለሚደድር መለኪያው ሊጫነው አይችልም። ቁጥሩ 1.3፣ 1.4 ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል፤ ሰውየው ጤነኛ ይመስላል፤ እግሩ ግን በደም እጦት እየሞተ ነው። የጣት ሥሮች እንደዚያ ስለማይደድሩ ትክክለኛው መልስ የሚገኘው በትንሽ መለኪያ ከአውራ ጣት ነው። ቁስል ባለበት እግር የጣቱ ግፊት ከ30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ከሆነ የደም ሥር ሐኪም በአስቸኳይ ሊያየው ይገባል። መሣሪያው በሌለበት ጤና ጣቢያም ቢሆን ትርታን ለመዳሰስ ሁለት ጣት ይበቃል፦ አንዴ በእግር ጀርባ ላይ፣ አንዴ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላ። ትርታው ካልተገኘ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። ቢገኝም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

የጠበበ የእግር ደም ሥር ያለ ቀዶ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተው እግሬን አልቆረጥም ባሉ እናት ላይ እንደሆነስ ያውቁ ኖሯል? ዘመኑ እ.ኤ.አ. ጥር 1964፣ ቦታው በአሜሪካ ኦሪገን የምትገኘው ፖርትላንድ ነው። የ82 ዓመቷ ሴት የእግር ጣቶቻቸው ጠቁረው ሐኪሞች ይቆረጥ ቢሉም እሺ አላሉም። የራጅ ሐኪሙ ቻርለስ ዶተር ቀጭን ሽቦ በጭናቸው ደም ሥር አሳልፎ፣ ውፍረታቸው የሚጨምር የፕላስቲክ ቱቦዎችን በሽቦው ላይ ተራ በተራ እያስገባ የጠበበውን ቦታ ከፈተው። ቀዝቅዞ የነበረው እግር ሞቀ፤ ቁስሉ ዳነ። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ከ2 ዓመት በላይ በገዛ እግራቸው ሄደዋል። ዛሬ የምንሰማው የደም ሥር መክፈቻ ፊኛ ከ10 ዓመት በኋላ የመጣው በሐኪሙ አንድሬያስ ግሩንትሲግ እጅ ነው።

ሌላው መንገድ የራስን ደም መላሽ ሥር ወስዶ በተዘጋው ቦታ ላይ ማሻገሪያ መሥራት ነው፤ ባይፓስ ይሉታል። ፈረንሳዊው ዣን ኩንላን እ.ኤ.አ. በ1948 ፓሪስ ውስጥ ሠርቶታል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል? እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነውና 1,830 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ጥሩ የእግር ደም መላሽ ሥር ላለው ሰው ባይፓስን አስበለጠ። በዓመቱ የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ከጉልበት በታች ለሚዘጉ ሥሮች በፊኛ መጀመር ይሻላል አለ። ስለዚህ ውሳኔው እንደየሰዉ ሥር ነው።

መቼ እንደሚቆረጥም የቁስሉ ዓይነት ይወስናል። ደረቅ ሆኖ የጠቆረ፣ ያልሸተተና ያላበጠ ጣት ደሙ ሳይመለስ ቶሎ ቢቆረጥ የተቆረጠው ቦታም አይድንም። እርጥብ፣ የሚሸት፣ ቅላቱ ወደ ላይ የሚወጣ ቁስል ግን ለነገ አይባልም፤ በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ያበጠን እግር በፋሻ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ደም ለማይደርሰው እግር አደጋ ነው። በጨው ሙቅ ውሃ መንከርና ከሰል ዳር ማሞቅም እንዲሁ፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይናገርም። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጫማ አውልቀው የሚገቡ ከሆነ ነጭ ካልሲ ያድርጉ፤ ደም ቢነካው ወዲያው ይታያል።

የስኳር ሕሙማንን ቁስል ከጫና የሚያሳርፈው ጄሶ ከሥጋ ደዌ ሕክምና የተወረሰ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? ሐኪሙ ፖል ብራንድ በሕንድ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተጠቅሞበታል። ሁለቱም በሽታዎች እግርን ያደነዝዛሉ። እኛም ጋ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል አለርት የደነዘዘ እግርን ሲንከባከብ የኖረ ቤት ነው። ደሙ ክፉኛ በቀነሰ እግር ላይ ግን ጄሶው አይታሰርም፤ የደም ሥሩ ይቀድማል።

የእግር ደም ሥሩ የተዘጋ ሰው የልቡም ሥር ተጠርጣሪ ነው። አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል፣ የኮሌስትሮል መድኃኒትና ሲጋራ ማቆም የሕክምናው አካል የሆኑት ለዚህ ነው። ቁስሉ ቢዘጋም ከ10 ሰዎች በ4ቱ ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለሳል፤ እግርን በየማታው ማየት አይቋረጥም።

በቂ እንክብካቤ እየተደረገለት በ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ መዳን ያልጀመረ ቁስል የደም ሥር ምርመራ ያስፈልገዋል። ሕይወት የሚያሰጋ መመረዝ ካልተከሰተ በቀር፣ እግር ይቆረጥ ተብሎ ወረቀት ሲቀርብልዎ ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ «የጣቴ የደም ግፊት ተለክቷል? የደም ሥር ሐኪም አይቶታል? ደሙን መመለስ ይቻላል?»