ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ማን ገባ?

በእኛ በሎግ መርማሪዎች ሙያ ባዶ ሠንጠረዥን የሚያህል አታላይ የለም። ኩዌሪው፣ ማለትም ለመረጃ ቋቱ የተጻፈው ጥያቄ፣ ይሮጣል፣ ስህተት አለ አይልም፣ ከታች ግን «ምንም ውጤት አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። አለቃ ይህን ሲያይ «እንግዲያው ማንም አልገባም» ይልና ቦርሳውን አንስቶ ይሄዳል። ኩዌሪው የፈለገው በተሳሳተ ሰዓት ውስጥ ይሁን በትክክለኛው፣ ሠንጠረዡ አይናገርም።

ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ልጆች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ለሎግ ሥራ የትኛው ኤአይ ይሻላል?» የሚል ነው። እኔ የምጠብቀው ኮምቦልቻ ያለውን ሰርቨርና ደሴ ያሉትን የቅርንጫፍ ማሽኖች ሎግ፣ ማለትም የክስተት መዝገባቸውን ነው። ከእነዚህ ማሽኖች በአንድ ቀን የሚወጣው መስመር በዓይን ተነቦ አያልቅም። ስለዚህ በኩዌሪ ቋንቋ መጠየቅ ግድ ነው፤ ማይክሮሶፍት ኬኪውኤል አለው፣ ስፕላንክ ኤስፒኤል አለው፣ ሌላውም የራሱ አለው። ቀድሞ እነዚህን መሸምደድ ነበረብን። ዛሬ ጥያቄውን በአማርኛ ስትጽፍ የኤአይ ሞዴሉ ኩዌሪውን ይጽፍልሃል። መጻፉ ላይ ሁሉም ጎበዞች ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚታየው ሌላ ቦታ ነው።

ከደሴ ቅርንጫፍ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ደወሉ።

«ወንድሜ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አካውንትዎ ተቆልፏል የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ገብቷል። እኔ ተኝቻለሁ። ማነው በስሜ የሚገባው?»

«የትኛው ሌሊት ነው እትዬ?»

«ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ነዋ!»

ለማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ይህ የተሟላ መረጃ ነው። ለማሽን ግን ሦስት እርምጃ ይቀረዋል። የኛ የሌሊት 8 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ረቡዕ 2፡00 ነው። ሎጉ የሚቀመጠው ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ ሦስት ሰዓት ይቀነሳል፤ 23፡00 ይሆናል። ሦስተኛው እርምጃ ቀኑ ነው፤ ረቡዕ የነበረው ወደ ማክሰኞ ይመለሳል። ጥያቄውን ከሠንጠረዦቹ የአምድ ስሞች ጋር ለሦስት ሞዴሎች ሰጠኋቸው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ስሪታቸው ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ዛሬ የምጽፈው ለነገ አንባቢ አይሆንም።

የመጀመሪያው 8 የሚለውን እንዳለ ወስዶ ረቡዕ ከ8፡00 እስከ 9፡00 ያለውን ጠየቀ። ኩዌሪው ሲያዩት ያምራል፣ በየመስመሩ ማብራሪያ አለው። ሠንጠረዡም ጢም ብሎ መጣ፤ ረቡዕ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ቢሮ ተቀምጠው ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ስም በሙሉ! ከባዶ ሠንጠረዥ የሚብሰው ይኼ ነው፤ ባዶው ቢያንስ ሰው አያስጠረጥርም። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሰዓት መሆኑን አውቆ ወደ 2፡00 ቀየረው፤ ሎጉ በዓለም አቀፍ ሰዓት መቀመጡን ግን ረሳ። በኛ አቆጣጠር የንጋት 11 ሰዓትን ፈልጎ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሦስተኛው ኩዌሪ አልጻፈም። «ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው? ሎጉስ የተመዘገበው በየትኛው የሰዓት ቀጠና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መለስኩለት፤ ከዚያ የጻፈው ኩዌሪ ከሦስቱ መልከ ጥፉው ነበር፤ ያመጣው መስመር ግን ትክክለኛው።

ነገሩ ጠላፊም አልነበረበትም። በዊንዶውስ ሎግ የክስተት ቁጥር 4740 አካውንቱ መቆለፉን ይናገራል፤ ከሱ በፊት የተደረደሩት 4625ዎች ያልተሳኩ ሙከራዎች ናቸው፣ የመግቢያ ዓይነታቸውም 4፣ ማለትም በሰው እጅ ሳይሆን በተያዘለት ሰዓት የሚሮጥ ሥራ። እትዬ ሰኞ ዕለት ፓስወርድ ቀይረዋል፤ በእሳቸው ስም ሌሊት ሌሊት ፋይል የሚገለብጠው ሥራ ግን በአሮጌው ፓስወርድ በሩን ሲደበድብ ያድራል። በመጀመሪያው ሞዴል መልስ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ረቡዕ ረፋድ ሥራውን ሲሠራ የነበረ ምስኪን ይጠየቅ ነበር።

በዓለም ላይ ሞዴሎችን በእንዲህ ያለ ሥራ ማወዳደር አዲስ ነገር አይደለም። የዬል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ስፓይደር የተባለ መፈተኛ አውጥተዋል፤ 10,181 ጥያቄዎች፣ 200 የመረጃ ቋቶች። ፈተናው ሲጀመር የሞዴሉ ኩዌሪ ከሰው ኩዌሪ ጋር ክፍል በክፍል ይመሳከር ነበር፤ ኋላ ላይ ሁለቱም እየሮጡ ውጤታቸው መነጻጸር ጀመረ። ትክክለኛው መንገድ ይኼኛው ነው፤ አንድን ጥያቄ በብዙ ዓይነት ኩዌሪ መጠየቅ ይቻላልና። ማይክሮሶፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ከራሱ የደህንነት አገልግሎቶች 57 የሎግ ሠንጠረዦችን ወስዶ ሞዴሎች እንደ መርማሪ እየጠየቁ የጥቃቱን ፈለግ እንዲከተሉ የሚፈትን መድረክ ሠርቷል። እነዚህን አከብራለሁ። ግን በኛ ሰዓት፣ በኛ ቀንና በኛ በጀት ዓመት የተጠየቀ ጥያቄ እዚያ አልተሰናዳም። ስለዚህ የራሴን ፈተና አዘጋጅቻለሁ። በሙከራ ማሽን ላይ ሆን ብዬ የተሳሳተ ፓስወርድ እጽፋለሁ፣ የሌለ የተጠቃሚ ስም እሞክራለሁ፣ ከሌላ ኮምፒውተር በርቀት እገባለሁ፤ ያደረግኩትን ከነሰዓቱ በወረቀት እይዛለሁ። ሞዴሉ የሚታረመው በዚያ ወረቀት ነው።

ከፈተናዬ ብዙዎቹን ሞዴሎች የሚጥለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ «በሪሞት ዴስክቶፕ ለመግባት ሞክሮ ያልተሳካለት ማን ነው?» ሞዴሎቹ የርቀት መግቢያ ዓይነት 10 መሆኑን ከመጽሐፍ ያውቃሉ፤ 4625ን በ10 ያጣሩና ባዶ ይዘው ይመጣሉ። የዛሬ ዊንዶውስ ግን ስክሪኑ ከመከፈቱ በፊት ማንነትን በኔትወርክ ደረጃ ስለሚያረጋግጥ ያልተሳካው ሙከራ የሚመዘገበው በዓይነት 3 ነው። ይህን ሳይነገረው የሚያውቅ ሞዴል ካገኘሁ ለሌላው ድክመቱ ብዙ አልጨክንበትም።

ሌላው ወጥመድ ሐምሌ 1 ነው። ኦዲተሮች «ከበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የሒሳብ ሲስተሙን የከፈተ ሁሉ ይውጣልን» ይላሉ። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ነው፤ ሞዴሎቹ ግን ሐምሌን ከጁላይ ጋር አንድ ያደርጉና ከጁላይ 1 ይጀምራሉ። ልዩነቱ አንድ ሳምንት ነው፤ ያ ሳምንት ደግሞ ከሰኔ 24 እስከ ሰኔ 30 ያለው፣ ሒሳብ ሊዘጋ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚሯሯጥበት ነው። ከዓመቱ ሁሉ ሎግ የሚበዛበትን ሳምንት ወስዶ በማይመለከተው ዓመት ላይ ይደርብልሃል።

የቀን ነገር ትንሽ የሚመስለው ሰው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ጉዳይ ያስታውስ። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ ያደሩበት ሌሊት ማለቴ ነው። ባንኩ ምክንያቱ የሲስተም ማሻሻያ እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጿል፤ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑንም ተናግሯል። ያንን ሌሊት የውጭ ዘገባው አንዱ ማርች 15፣ ሌላው ማርች 16 ይለዋል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። እንዲህ ያለ ሌሊት መዝገብ ለማውጣት የተቀመጠ ባለሙያ ግን አንዱን ቀን ብቻ ከጠየቀ ግማሹን ነው የሚያገኘው።

የስም አጻጻፍም አለ። ወሎ ውስጥ ሰይድና መሐመድ ያልበዛበት ቢሮ የት ይገኛል? በላቲን ፊደል ሲመዘገቡ አንዱ መሐመድ በኦ፣ ሌላው በዩ፣ አንዱ በሁለት ኤም፣ ሌላው በአንድ ይጻፋል። ኬኪውኤል ላይ ሁለት የእኩል ምልክት ከተጠቀምክ በትልቅና በትንሽ ፊደል መካከል እንኳ ይለያል። የዊንዶውስ አካውንት ግን ለፊደል መጠን ደንታ የለውም፤ ሎጉ ውስጥ በሁለቱም ይገኛል። ጥሩ ሞዴል ይህን አይቶ ልል ንጽጽር ይጠቀማል።

ልጆቹን አጥብቄ የማስጠነቅቃቸው ሎጉን ራሱን ገልብጠው ውጭ አገር ላለ ቻትቦት እንዳይለጥፉ ነው። የሰው ስም፣ የሥራ ሰዓት፣ ማን ከየት እንደገባ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ባይወጣም ነውር ነበር። ኩዌሪ ለማጻፍ ሞዴሉ የሚያስፈልገው የሠንጠረዥና የአምድ ስም ብቻ ነው። ኩዌሪውን ተቀብለህ እዚሁ ሰርቨር ላይ ታሮጠዋለህ፣ ውጤቱም እዚሁ ይቀራል። ውጤቱን ማስተንተን ካስፈለገ በራሳችን ኮምፒውተር ላይ የጫንነው ትንሽ ክፍት ሞዴል አለ። እውቀቱ ከትልልቆቹ ያንሳል፣ አማርኛውም ይንገዳገዳል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ሥራ አያቆምም፣ ያየውንም ለማንም አያወራም።

ከፈተና ወረቀቴ ላይ እስካሁን አንድም ሞዴል ሳይነገረው ያላለፈው ጥያቄ «መብራት በጠፋበት ሌሊት ሰርቨሩን የነካው ማን ነው?» የሚለው ነው። ማሽኑ ተመልሶ ሲነሳ 6008 ይጽፋል፤ ቀድሞ የጠፋው ባልተጠበቀ ሁኔታ ነው ማለት ነው። ከመጨረሻው መስመር እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ ሎግ የለውም። ትክክለኛው መልስ «በዚህ ሰዓት ማሽኑ ጠፍቶ ነበር፤ ከሎጉ ማወቅ አይቻልም፤ የበሩን መዝገብ ወይም ጥበቃውን ጠይቁ» የሚል ነው። ሞዴሎቹ ግን ሁሉም 6008ን ሳይጨምሩ የገቡትን ይቆጥሩና ዜሮ ይላሉ፤ አንደኛው እንዲያውም «ሰርቨሩ በዚያ ሌሊት ደህንነቱ የተጠበቀ ነበር» ብሎ አረጋግጦልኛል። አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የምሰጠው ይህንኑ ጥያቄ ነው።