ፒክ አፕ ከመግዛታችሁ በፊት መንገዱንና ጭነቱን እዩ

በሬ የሚገዛ ገበሬ ቀንዱን ብቻ አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም። ጥርሱን ያያል። ትከሻውን ይዳስሳል። አስኪዶ አረማመዱን ያያል። የሚያርሰው መሬት ከባድ ነው ወይስ ቀላል? ብሎም ያስባል።

መኪና የሚገዛ ሰውም እንዲሁ ማድረግ አለበት። ብዙ ሰው ግን ስሙንና ቀለሙን አይቶ ይገዛል። በኋላ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይለግማል። ያን ጊዜ ገንዘቡ ከእጁ ወጥቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ እዚህ የምንነጋገረው አገር ውስጥ ስላለና ስላገለገለ ፒክ አፕ ነው።

አንድ መንገድ እንውሰድ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ወደ 90 ኪሎ ሜትር ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ነው። ጣርማበር ላይ ሲደረስ ግን ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል።

በሸዋ ሮቢት አካባቢ ሽንኩርት ይመረታል። ጥቂት ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው ሽንኩርት የሚያደርስ ፒክ አፕ ሊገዙ ነው እንበል። ጭነታቸው 10 ኩንታል ነው። ይኸውም 1,000 ኪሎ ማለት ነው። የትኛው ሞተር ይሻላቸዋል? የትኛውስ ካምቢዮ?

ቤንዚን ወይስ ናፍታ?

ቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው። ካንዴላው የእሳት ብልጭታ ይሰጣል። ብልጭታው ቤንዚንና አየር የተቀላቀለበትን ያቃጥላል።

ናፍታ ሞተር ብልጭታ አያስፈልገውም። አየሩን ሲሊንደር ውስጥ አጥብቆ ይጨምቃል። የተጨመቀ አየር ይግላል። የብስክሌት ጎማ ስትነፉ መንፊያው ይሞቅ የለም? ነገሩ ያው ነው። በጋለው አየር ላይ ናፍታ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ይህን ሞተር የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። ሞተሩ ተፈትኖ የተሳካው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ነበር።

ናፍታ ሞተር ለአንድ ዓይነት ሥራ ከቤንዚን ሞተር ያነሰ ነዳጅ ይጠጣል። በዝግታ እየዞረም ብዙ ይጎትታል። ክፋቱስ? ሲበላሽ ማሠሪያው ውድ ነው። ቤንዚን ሞተር ቀለል ይላል። በብርድ ጧትም ቶሎ ይነሣል።

የፈረስ ጉልበት ብቻውን አይበቃም

ሻጭ «ይኼ እኮ ብዙ የፈረስ ጉልበት አለው!» ይላል። እሱ ብቻ አይበቃም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የወጣውን ቶዮታ ሃይሉክስ እንመልከት። በብዙ አገር ከተሸጡት ሞተሮቹ አንዱ ባለ 2.7 ሊትር ቤንዚን ነው። 166 የፈረስ ጉልበት አለው። ሌላው ባለ 2.4 ሊትር ናፍታ ነው። 150 የፈረስ ጉልበት አለው። ታዲያ ቤንዚኑ አይበልጥም?

ዳገት ላይ የሚፈለገው የማዞር ጉልበት ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት አስቡ። በአንዱ ጫፍ ቡሎን ይዟል። በሌላው ጫፍ 40 ኪሎ ተንጠልጥሎበታል። የናፍታው ሞተር የማዞር ጉልበት ይህን ያህላል። ይህንንም የሚሰጠው በደቂቃ ከ1,600 እስከ 2,000 ዙር ብቻ ሲዞር ነው። የቤንዚኑ 25 ኪሎ ያህል ነው። እሱም የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ዙር ሲደርስ ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ ዳገት ላይ እየጮኸ ይወጣል። ናፍታው ረጋ ብሎ ይጎትታል።

የደጋ አየር ስስ ነው

ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። እንግዲህ ጣርማበር ላይ ከ10 እጅ 3 እጁ ጠፋ ማለት ነው። ቱርቦ በሚወጣው ጭስ ግፊት የሚዞር መንፊያ ነው። አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ባለ ቱርቦ ሞተር ደጋ ላይ ብዙ አይደክምም።

ካምቢዮው የሞተሩ ጓደኛ ነው

ካምቢዮ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች የተደረደሩበት ሳጥን ነው። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 4 ጊዜ ያህል ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ 1 ጊዜ ይዞራል። ዲፍረንሻሉም እንደገና በ4 ያህል ይቀንሰዋል። በጠቅላላው ሞተሩ 16 ጊዜ ሲዞር ጎማው 1 ጊዜ ይዞራል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ግን ይበዛል።

ቁልቁለት ላይም ካምቢዮ ሥራ አለው። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ አደገኛ ነው። ፍሬን በጣም ሲግል መያዝ ይተዋል። ዝቅ ያለ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መውረድማ ሕይወትን ማስያዝ ነው።

በእጅ ማርሽ የሚሠራው ካምቢዮ ፍሪሲዮን አለው። ፍሪሲዮን ያልቃል። ነገር ግን በብዙ ከተማ የሚቀይረው ሜካኒክ አይጠፋም። ባትሪ ሲደክምም መኪናው ተገፍቶ ይነሣል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ለነጂው ይቀላል። መኪና በተጨናነቀበት ከተማ እግር አያደክምም። ዳገት ላይ ሲነሣም የሚቃጠል ፍሪሲዮን የለውም። ነገር ግን ብዙ ጭኖ ረጅም ዳገት ሲወጣ ዘይቱ ይግላል። ዘይቱ ከተቃጠለ ካምቢዮው ይበላሻል። ተገፍቶም አይነሣም። የሚያውቀው ባለሙያም በየቦታው አይገኝም።

ማን ይጠግነዋል?

አዲሶቹ ናፍታ ሞተሮች በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ናቸው። ናፍታውን የሚረጩት እጅግ በበረታ ግፊት ነው። ኃይላቸው ጥሩ ነው። ዳሩ ግን ቆሻሻና ውኃ ያለበት ናፍታ አይወዱም። በጀሪካን የተቀዳ ቆሻሻ ናፍታ ፖምፓቸውን ሊገድል ይችላል። የፖምፓው ዋጋ ደግሞ የአንድ ምርት ትርፍ ሊበላ ይችላል።

የድሮዎቹ ባለ ሜካኒካል ፖምፓ ሞተሮች ታጋሾች ናቸው። ለምሳሌ የሃይሉክስ ባለ 3 ሊትር «5 ኤል» ሞተር ቱርቦ የለውም። ጣርማበርን በዝግታ ይወጣል። ነገር ግን ያለ ኮምፒዩተር ይጠገናል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

1. ሞተሩን ጧት፣ ሳይሞቅ አስነሡት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭስ ካላቆመ ተጠንቀቁ።
2. የሞተሩን ዘይት እዩ። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። አትግዙት።
3. መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ሦስተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ደኅና ነው። መዞሩን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ አልቋል።
4. አውቶማቲክ ከሆነ ዘይቱን አሽቱት። የጠቆረና የማረር ሽታ ያለው መጥፎ ነው።
5. ባዶውን ብቻ አትሞክሩት። ጭናችሁ ዳገት አውጡት።
6. የምታምኑት ሜካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። የሻጩን ሜካኒክ አትመኑ።

እንግዲህ የቱ ይሻላል?

ለሽንኩርት ነጋዴዎቹ ገበሬዎች የሚሻለው ባለ ቱርቦ ናፍታ ሞተርና የእጅ ማርሽ ነው። ይህም ንጹሕ ናፍታና አዋቂ ሜካኒክ በአቅራቢያቸው ካለ ነው። ከሌለ ግን ቀርፋፋውን አሮጌ ናፍታ ይምረጡ። ዘግይቶ የሚደርስ ሽንኩርት ይሸጣል። መንገድ ላይ የቆመ መኪና የጫነው ግን ይበሰብሳል።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ዳቦ ለሚያከፋፍል ሰውስ? ጭነቱ ቀላል ነው። መንገዱ አጭር ነው። ጧቱ ይበርዳል። ለእሱ ቤንዚን ይበቃዋል። የጎረቤት መኪና ጥሩ ስለሆነ ብቻ ለእናንተም ጥሩ ነው ማለት አይደለም። መጀመሪያ ሥራችሁን እወቁ፤ ከዚያ መኪናውን ምረጡ።

አዳዲስ ቃላት

ካምቢዮ፦ የማርሽ ሳጥን።
ፍሪሲዮን፦ ሞተሩን ከካምቢዮ የሚያገናኝና የሚያላቅቅ ክፍል።
ዲፍረንሻል፦ ኃይልን ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍል ክፍል።

ጥያቄዎች

1. ናፍታ ሞተር ያለ ብልጭታ እንዴት ይቀጣጠላል?
2. ደጋ ላይ ሞተር ለምን ይደክማል?
3. ቁልቁለት ላይ ማርሽ ማውጣት ለምን አደገኛ ሆነ?
4. በእናንተ ሥራና መንገድ የቱ ሞተር ይሻላል? ለምን? በደብተራችሁ ጻፉ፤ ከጓደኞቻችሁም ጋር ተነጋገሩበት።