በዓይን የሚሸጠው ዓሣና የቦዮ ረግረግ

ዓሣ በእኛ ገበያ የሚታወቀው በኪሎ ሲመዘን ነው፡፡ ጾም ሲገባ ዋጋው ይወጣል፣ ጾም ሲፈታ ይወርዳል፡፡ በሌላው ዓለም ግን አንድም ኪሎ ሳይመዘን ገንዘብ የሚያስገኝ የዓሣ ንግድ አለ፡፡ እዚያ የሚሸጠው ዓሣውን በዓይን አይቶ የማጥመዱ ዕድል ነው፡፡

ንግዱ በአሜሪካ ፍሎሪዳና ሉዊዚያና፣ በባሃማስ፣ በቤሊዝ፣ ለእኛ ቀረብ በሚሉት በሲሸልስ ደሴቶችም የታወቀ ነው፡፡ ቦታው የባሕር ዳርቻ ረግረግ ወይም ጥልቀት የሌለው ባሕረ ሰላጤ ነው፡፡ መሪው ከጀልባዋ በስተኋላ ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጀልባዋን በረጅም ዘንግ ይገፋል፡፡ የውሃ ነጸብራቅ በሚቀንስ መነጽር ዓሣውን ይፈልጋል፤ ሲያየው አቅጣጫውንና ርቀቱን ለደንበኛው ይነግራል፡፡ ደንበኛው መንጠቆውን ይወረውራል፤ ከያዘም ብዙውን ጊዜ መልሶ ይለቀዋል፡፡ ቤሊዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ቦንፊሽ፣ ታርፖንና ፐርሚት የተባሉት ዓሦች ከተያዙ በኋላ እንዲለቀቁ በሕግ ደንግጋለች፡፡ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የታረደ ዓሣ አንዴ ይከፍላል፣ የተለቀቀው ለነገው ደንበኛም ይቀርባል፡፡

ይህ ለሆሳዕና፣ ለዱራሜና ለአካባቢው ባለሀብት ምን ይነግረዋል? ከሆሳዕና በስተምሥራቅ፣ በሀዲያ ዞን ሻሾጎ ወረዳ፣ ትርፍ ውሃው ወደ ብላቴ ወንዝ የሚፈሰው የቦዮ ረግረግ ይገኛል፡፡ እውነቱን ለመናገር ቦዮ ዓሣን በዓይን ለማጥመድ አይመችም፡፡ ሥራው ጥርት ያለ ውሃ ይጠይቃል፤ ወደ ቦዮ የሚገቡት ወንዞች ግን ከታረሰ ደጋ አፈር ተሸክመው ይመጣሉ፡፡ በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ አጠማመድ የሚቀርቡት የባሌ ተራሮች ወንዞች ናቸው፤ ከውጭ የመጣው ትራውት ዓሣ በዌብ ወንዝ ይጠመዳል፡፡

የቦዮ ሸቀጥ ወፍ ነው፡፡ ረግረጉ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለወፎች ጠቃሚ ከሚባሉት የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ በዓለም ቁጥራቸው እየመነመነ የመጣው ዋትልድ ክሬን የተባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ይታዩበታል፡፡ የንግዱ ዘዴ ያው ነው፡፡ እንግዳው የሚከፍለው ወፉ የት እንደሚውል፣ በየትኛው ወር እንደሚመጣ፣ ሳይደነግጥ እንዴት እንደሚቀረብ ለሚያውቀው ሰው ነው፡፡ ይህን የሚያውቀው ደግሞ በዳርቻው ከብት ሲያግድ ያደገው የአገሬው ልጅ ነው፡፡

ሥጋቱም እዚሁ ላይ ነው፡፡ ረግረግ ሲደርቅ እርሻ ይሆናል፤ መሬት ለጠበበበት ገበሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፡፡ ከእንግዳው ገንዘብ ድርሻ ካልደረሰው ቦዩን ቆፍሮ ውሃውን ቢያፈስ ማን ይፈርድበታል? ውሃው ከሄደ ወፉም ይሄዳል፤ በዳርቻው የተሠራው ሎጅ ባዶውን ይቀራል፡፡

ስለዚህ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ከሲሚንቶና ከብረት በፊት ሦስት ነገር ያስቀድም፡፡ አንደኛ፣ መሪዎችን ከአካባቢው መርጦ ያሠልጥን፤ ጥሩ መነጽርና ጠፍጣፋ ጀልባ ከሕንፃ ይረክሳሉ፡፡ ሁለተኛ፣ የነዋሪውን ድርሻ በማኅበር በኩል በጽሑፍ ይዋዋል፡፡ ሦስተኛ፣ ቦዮን ብቻውን አይሽጥ፤ ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ እንግዳ በሆሳዕና ቢያድር፣ በማግሥቱ በከምባታ የአምበርቾን 777 ደረጃ ቢወጣ ገንዘቡ ለሁለቱም ዞን ከተሞች ይተርፋል፡፡

በኪሎ የሚሸጥ ነገር ሲያልቅ ሌላ ይገዛል፡፡ በዓይን የሚሸጠው ግን ካለቀ የሚተካ ነጋዴ የለም፡፡